በቡቃያው ክፍል የሞተው ሊቅ

ሬሳው የተገኘው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በቴሌቪዥን ጣቢያው ጓሮ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ሰውየው በአፍጢሙ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ከጎኑ አጭር እጀታ ያለው መኮትኮቻ ወድቋል። በስተግራው አንድ ትልቅ መብራት ከነመቆሚያው ተገልብጦ፣ ወለሉ ላይ እንደተጋደመ ቦግ ብሎ ይበራል።

ሟቹን የማያውቅ አልነበረም። እሑድ እሑድ በሚታዩት ዘጋቢ ፊልሞች ላይ ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ ከከዋክብት እስከ ሽንኩርት ያለውን ሁሉ የሚያስረዳው እሱ ነው። የሳይንሱም፣ የታሪኩም፣ የአትክልቱም አቅራቢ አንድ ሰው ነበር። ተመልካቹ «ሊቁ» ብሎ ይጠራዋል። እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም።

መርማሪው ስምንተኛ ግቢው የደረሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «ስምንተኛ» የሚለው ስም የወጣለት ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጠ ነው፤ ያወጡለት የገዛ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ወንጀል መርምሯል። እጃቸውን ይዞ ሥራ ያስለመዳቸው ልጆች ዲግሪያቸውን ይዘው እየዘለሉት አልፈዋል። የአሁኑ አለቃው የመጀመሪያውን ሬሳ ያየ ቀን ያስታወከው በስምንተኛ ጫማ ላይ ነበር። ዛሬ «አንተ» ይለዋል፤ ስምንተኛ ደግሞ «እርስዎ» ይለዋል።

በሩ ላይ ያየው ነገር ደሙን አፈላው። ስድሳውን ያለፈ ቀጭን ሰው እጁ በካቴና ታስሮ፣ ክፍት የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። ሠራተኛውና መንገደኛው ከቦ ይመለከተዋል። በረኛው ሳይቀር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ሲለው የኖረውን ሰው ባላየ አለፈው።

«ዘገየህ» አለው አለቃው። «ጉዳዩ አልቋል።»

«በምን አለቀ?»

«አትክልተኛው ነዋ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ጓሮ ተጣልተዋል። ‹የሰው እውቀት እየሰረቅህ ትኖራለህ፣ አንድ ቀን በአፍህ ይደፋሃል› ሲለው ግቢው ሁሉ ሰምቷል። መኮትኮቻው የራሱ ነው። የክፍሉም ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ሬሳ አገኘሁ ብሎ የጮኸውም እሱ።»

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

«የዘጋቢ ፊልም ክፍል ኃላፊው ጋ አለ። የሟቹ ሚስት ወንድም። እሱን ተወው፣ የተከበረ ሰው ነው።»

«ሰዓቱስ?»

አለቃው ፈገግ አለ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለች የተሰባበረች ሳጥን ወሰደው። መብራቱን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምታበራ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምታጠፋ፣ የቀኑም የሌሊቱም ሰዓት የተጻፈበት ክብ ገጽ ያላት ሰዓት ናት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ቆማለች።

«ሲታገሉ ተሰብራለች። በዚያ ሰዓት ሁሉም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከአንድ ሰዓት ከአሥር እስከ ሁለት ተኩል ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ብቻውን ጓሮ የነበረው አትክልተኛው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ጋ አቀርበዋለሁ። ከዚያ ጋዜጠኞች ይመጣሉ።»

«ሐኪሙ ምን አሉ?»

«‹ከትናንት ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት› ብለው ተንተባተቡ። ክፍሉ ለቡቃያው ሲባል ማሞቂያ አለበት፤ ሙቀቱ አሳስቷቸዋል። ልብሱም አይነግርህም። ፊልሙ እንዳይዘበራረቅ ሊቁ የሚለብሰው ሁልጊዜ ያችኑ ጃኬት ነው።»

«ማታ ቤቱ ገብቶ ነበር?»

«ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እናቷ ጋ ነው ያደረችው፤ እናትየውን አሟቸው። ሲገባም ሲወጣም ያየው የለም።»

«የበሩ መዝገብስ?»

«ሊቁና ኃላፊው አይፈርሙም።»

ስምንተኛ መዝገቡን አስመጥቶ አየው። እውነት ነው። የአትክልተኛው ፊርማ በየቀኑ አለ፤ ዛሬም አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ፈርሟል። የጽዳት ሠራተኞቹ አሉ። ካሜራማኑ አለ። ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ነፋስ ይገባሉ፣ እንደ ነፋስ ይወጣሉ። መዝገቡ የሚመሰክረው በትንንሽ ሰዎች ላይ ብቻ ነበር።

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ጣሳዎች፣ በየጣሳው አንድ አንድ የቦሎቄ ቡቃያ አለ። ፊት ለፊታቸው በብረት ሳጥን የተቆለፈ ካሜራ አፍጥጧል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ ሲቀጣጠሉ ወር የፈጀው ቡቃያ በአንድ ደቂቃ ሲያድግ ይታያል። የካሜራው ካርድ ግን የለም።

«አትክልተኛው አውጥቶት ይሆናል» አለ አለቃው።

ስምንተኛ ቡቃያዎቹን እያየ ነበር። ስድስቱም ከወገባቸው ተቆልምመው፣ ቅጠላቸውን ወለሉ ላይ ወደተጋደመው መብራት ዘርግተዋል።

«ምን ያስደንቅሃል? ቦሎቄ አይተህ አታውቅም?»

«በቴሌቪዥን አይቻለሁ» አለ ስምንተኛ።

ከዚያ ወጥቶ ወደ መኪናው ሄደና ከአትክልተኛው ጎን ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

አትክልተኛው ቀና ብሎ አየው። አንቱታው ገርሞት ነበር። «ሆስፒታል። ባለቤቴ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ኩላሊቷን አሟታል። ከአሥር ተኩል ጀምሬ እስኪነጋ ወንበር ላይ ነበርኩ። ነርሷን ጠይቃት። ምን ያደርጋል፣ ማታውን ማን ጠየቀኝ? የሚጠይቁኝ ጠዋቱን ነው። አሁን ምሳዋን የሚያደርስላት የለም።»

«ይደርሳል። ጠዋትስ?»

«ገብቼ የውጩን መደብ ሳጠጣ ቆየሁ። ሁለት ተኩል ላይ ቡቃያውን ላይ ብዬ ከፈትኩ። ተደፍቷል። ጮህኩ።»

«ትናንትስ ምን አጣላችሁ?»

«ምን ያጣላናል፣ ሰባት ዓመት ነዋ» አለ አትክልተኛው። «እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ በቴሌቪዥን ይናገረዋል። እጄ ይታያል፣ ፊቴ አይታይም። ሲቆርጥ የምታየው እጅ የኔ ነው፤ ሲያወራ የምታየው አፍ የሱ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ የሾፌሩ ስም ሳይቀር ይጻፋል። የኔን ግን ‹አትክልተኛ ምን ስም ያስፈልገዋል› አሉ። ትናንት ወጣልኝ፣ ተናገርኩት። አልክድም።»

«እሱ ምን አለ?»

«ዝም አለ። ዝም ሲል የበለጠ ተናደድኩ።»

«ቡቃያውንስ? መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

አትክልተኛው ፊቱን አዞረ። «እሱን እንኳ ልነግረው ስል አለቃህ ‹ስለ ሬሳ ስጠይቅህ ስለ ቦሎቄ ትቀባጥራለህ› ብሎ አፌን አስያዘኝ። ከፈረምክ ይቀልልሃል ይለኛል። የማልፈርመውን ጽፎ።»

«ለኔ ይንገሩኝ።»

ነገረው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስምንተኛ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ያደረገው አንዱን ፖሊስ ምሳ አስይዞ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው፤ በዚያውም ነርሷን እንዲጠይቅ አዘዘው።

ካሜራማኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ሳይለኩስ በጣቱ ያሽከረክር ነበር።

«ሊቁን ትወደው ነበር?»

«‹ትራይፖድ› ነበር የሚለኝ። የካሜራ መቆሚያ። ‹ትራይፖድ ሆይ፣ ወደ ግራ› ይለኛል በሰው ፊት። እንዴት ልውደደው?»

«ስትሰማ ሮጠህ መጣህ?»

«ሁላችንም። እኔማ የማፍርበት ነገር አደረግሁ፤ ሰው ሞቶ እያየሁ መጀመሪያ ያነሳሁት ካሜራዬን ነው። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ…»

«አሳየኝ።»

ፎቶው ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ይላል። ሬሳው፣ የተጋደመው መብራት፣ ተቆልምመው የቆሙት ስድስት ቡቃያዎች። ማንም ምንም ሳይነካ።

«ያቺን የተቆለፈች ካሜራ ማን ይከፍታታል?»

«እኔና ኃላፊው። ሁለት ቁልፍ ነው ያላት።»

«አትክልተኛውስ?»

ካሜራማኑ ሳቅ አለ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «የብረት ሳጥኑ የተሠራው እኮ እሱ በጭቃ እጁ እንዳይነካት ተብሎ ነው።»

«ሳጥኑ አልተሰበረም» አለ ስምንተኛ።

«አልተሰበረም።»

«ትናንት በስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አሥራ አንድ ተኩል፣ በሰርቪስ። ጽሑፍ የምትሠራዋ ልጅም አጠገቤ ነበረች። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የሄደችው።»

ልጅቷ የሦስቱንም ፊልሞች ጽሑፍ የምታዘጋጅ ናት። ገና ሲጠይቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የሐዘን ሳይሆን የንዴት እንባ።

«ሰውየው ሞቷል፣ ክፉ አላወራም» አለች።

«አውሪ። እኔም የሞተ ሰው አምቼ አውቃለሁ።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባና ‹የእሑዱን መግቢያ አላነበውም› አለኝ። ሁለት ሳምንት የሠራሁትን። በእጁ የሞነጫጨራትን አንዲት ወረቀት አሳየኝ። ‹ይሄን ነው የምለው› አለ። እየሳቀብኝ መሰለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧት ስልክ ሲያነሳ ፎቶ አነሳኋት። በምን እንደለወጠኝ ለጓደኞቼ አሳይቼ ልስቅበት ብዬ።»

«አነበብሽው?»

«ሁለት መስመር። ስለ አትክልተኛው ነው። ከዚያ ወዲያ አላስቻለኝም። ጠዋት ሲሞት ደግሞ፣ በሱ ተናደሽ ነው የሚሉኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ወረቀቷን ሌላ ያየ አለ?»

«ከኔ ሲወጣ ወደ ኃላፊው ቢሮ ነው የገባው።»

ስምንተኛ ስልኳን ተቀብሎ አነበበ። ሁለተኛውን አንቀጽ ደግሞ አነበበው። ከዚያ «ይሄን እንዳታጠፊው» ብሎ መለሰላት። የሟቹን ኪስ የፈተሸውን ፖሊስ ጠየቀው፤ ወረቀት የሚባል አልተገኘም።

የኃላፊው ቢሮ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው። መደርደሪያው ላይ የብርጭቆ ሽልማቶች ተኮልኩለዋል። ትልቁ፣ አንድ ሰፈር ጠራርጎ ስለወሰደ የድሮ ጎርፍ የተሠራው የታሪክ ፊልም ያመጣው ነው። ኃላፊው ስምንተኛን ቁጭ በል አላለውም።

«የተማረ ሰው የላቸውም እንዴ የሚልኩት?»

«ለዛሬ እኔ ነኝ ያለሁት።»

«ጠይቅና ጨርስ። እህቴ ባሏ ሞቶባታል። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የጣቢያው ዋና ኃላፊ ሆኜ እሾማለሁ፤ ጊዜ የለኝም።»

«ሊቁ ትናንት ማታ እርስዎ ጋ ገብቶ ነበር?»

«ብቅ ብሎ ነበር። የቤተሰብ ጨዋታ ነው። ተሰናብቶኝ ወጣ።»

«ዛሬ ጠዋትስ መቼ መጡ?»

«አንድ ሰዓት ሲሆን። ስብሰባ ከመግባቴ በፊት የቡቃያውን ክፍል በራሴ ቁልፍ ከፍቼ አየሁ። ሰላም ነበር። ማንም አልነበረበትም። መብራቱ እንደቆመ ነው፤ ቡቃያዎቹም እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ነበር። ይሄን ለአለቃህም ነግሬዋለሁ። ስለዚህ የተገደለው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው የሚያሰላው ነገር ነው፤ አይደለም?»

ስሙ እዚህም ደርሷል ማለት ነው። ስምንተኛ ግን ድምፁን አላነሳም።

«ቀጥ ብለው ነበር?»

«ቀጥ ብለው።»

«ሁለት ተኩል ላይ ሲሮጡ ሲመጡስ?»

«ወደ ወደቀው መብራት ዞረዋል። ብርሃን ይከተላሉ እኮ። በፕሮግራማችን አሳይተናል፣ ካየኸው።»

«አይቼዋለሁ። ግሩም ነበር» ብሎ ወጣ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ስምንተኛ ከመጋዘኑ ሌሎች ስድስት ቡቃያዎች አስወጣ፤ ከክፍሉ ቡቃያዎች ጋር በአንድ ቀን የተዘሩ፣ ቀጥ ያሉ። ከቀረጻ ስቱዲዮው ጥግ ጨለማ ቦታ ላይ አስቀመጣቸው። ከግራቸው መሬት ላይ ተመሳሳይ መብራት አጋድሞ አበራ፤ ማሞቂያም አስጠጋ። አጠገባቸው ፖሊስ አቆመ። «ሰው እንዳይነካቸው። አንተም አትንካቸው።»

አለቃው ይህን ሲያይ ራሱን ያዘ። «ዐቃቤ ሕግ እየጠበቀኝ አንተ አትክልት ትተክላለህ?»

«እስከ ሰባት ሰዓት ይታገሡኝ። ከተሳሳትኩ ከጋዜጠኞቹ ጋር በኔ ይሳቁ።»

ይህኛው ሐሳብ አለቃውን ደስ አሰኘው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ኃላፊው እጇን ይዟል። ካሜራማኑና የጽሑፏ ልጅ ግድግዳ ተደግፈዋል። አትክልተኛው ከነካቴናው በር ላይ ቆሟል። ስምንተኛ ወንበር ስቦ መሀል ላይ አኖረና «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ረጅም ንግግር አላውቅም። አንድ ነገር ላሳያችሁ። እነዚህ ቡቃያዎች ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ መብራት ከጎናቸው ተኝቶ ነው የቆዩት። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ። ቀርባችሁ እዩ።»

ቀርበው አዩ። ቡቃያዎቹ ቆመዋል። ጫፋቸው ብቻ፣ ሊጠራው የፈለገ ሰው ያለ ይመስል፣ ወደ መብራቱ ትንሽ ዘመም ብሏል።

«አሁን ደግሞ ይሄን።» የካሜራማኑን ፎቶ በትልቁ ስክሪን አሳየ። ስድስቱ ቡቃያዎች ከወገባቸው ተቆልምመዋል። «ጋሼ፣ ቡቃያ እንዲህ እስኪሆን ምን ያህል ይቆያል?»

አትክልተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰባት ዓመት በሠራበት ስቱዲዮ ውስጥ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «ይህን ያህል ለመጉበጥ ማታ ተነሥቶ እስኪነጋ ነው። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጠጣቸው እንደ እርሳስ ቀጥ ያሉ ነበሩ።»

«የኔም ባለቤት መስኮት ላይ የአበባ ጣሳ አላት» አለ ስምንተኛ። «ዛሬ ካላዞርኩላት የምትቆጣኝ ነገ ነው፤ ዛሬውኑ አይደለም። ስለዚህ መብራቱ የወደቀው ዛሬ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሳይሆን ትናንት ማታ ነው። ሊቁም የሞተው ያን ጊዜ ነው። ማታ ጋሼ ሆስፒታል ነበሩ፤ ሁለት ነርሶች ምስክር ናቸው።»

«ቆይ» አለ አለቃው። «መብራቱ ማታ አሥራ ሁለት ላይ ይጠፋል። በጨለማ እንዴት ይጎብጣሉ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠፍቶ ነበር። ገዳዩ ነው ያበራው። ሰውየውን ከጣለ በኋላ ጠዋት የሞተ ለማስመሰል የሰዓቷን ገጽ በእጁ አዞረና አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አድርጎ ሰበራት። ያ ሰዓት ደግሞ መብራቱ የሚበራበት ነው። ሰዓቷ እዚያው ላይ ተሰብራ ቀረች፣ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አደረ። ባይነካካት ኖሮ ቡቃያዎቹ ባልጎበጡ፣ እኔም ባልነቃሁ ነበር።»

ስምንተኛ ወደ ኃላፊው ዞረ።

«እርስዎ ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ከፍተው አዩ። መብራቱ እንደቆመ፣ ቡቃያዎቹ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው። እንደዚያ አላሉኝም?»

«በጨረፍታ ነው ያየሁት።»

«በጨረፍታም ሬሳ ይታያል። መብራቱ መሬት ላይ ነበር፤ ቡቃያዎቹም ከሌሊቱ ጀምሮ ጎብጠዋል። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሆኑት ይሄው ነው፣ ከፊትዎ። ያላዩትን አየሁ አሉ።»

«ለማፌዝ ነው የሰበሰብከን?»

«አይደለም። እንዴት እንደተሳሳቱ ልንገርዎት። ሰባት ዓመት ሙሉ ቡቃያ ሲዞር አይተዋል፤ ግን ያዩት ቢሮዎ ተቀምጠው፣ በስክሪን ነው። ስክሪኑ ላይ ሲዞር ሦስት ሰከንድ ነው። ጓሮ ወርደው፣ አጠገቡ ቆመው፣ አንድ ቀን እንኳ አላዩም። የወረዱ ቢሆን ወይም ጋሼን አንዴ የጠየቁ ቢሆን፣ ይህችን ውሸት ባልዋሹ።»

አለቃው ከግድግዳው ተነጠለ። አሁን በቀጥታ ኃላፊውን እያየ ነበር።

«የካሜራውን ሳጥን የከፈተው ባለ ቁልፍ ነው» ቀጠለ ስምንተኛ። «ቁልፉ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው። ካሜራማኑ ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሰርቪስ ሄዷል፤ ከልጅቷ ጋር። እርስዎ በራስዎ መኪና፣ ሳይፈርሙ። እህትዎ እናታችሁ ጋ እንደምታድር፣ ሰውየውን ማታ የሚጠብቀው እንደሌለ ያውቃሉ።»

«ምክንያት አምጣ» አለ ኃላፊው። «የእህቴን ባል ለምን እገድላለሁ?»

ስምንተኛ ልጅቷን በዓይኑ ጠራት። ስልኳን አውጥታ አነበበች።

«‹ሰባት ዓመት ስለ አትክልት የነገርኳችሁ ሁሉ የኔ እውቀት አልነበረም። የአትክልተኛችን ነው። ዛሬ ስሙንም ፊቱንም ታያላችሁ። ከጀመርኩ አይቀር ሌላም ልንገራችሁ። ስለ ጎርፉ በሠራነው ፊልም ላይ ልጆቼን ጎርፍ ወሰደብኝ ብለው ያለቀሱት እናት፣ ጎርፉን አላዩም። እዚያ ሰፈር ኖረው አያውቁም። የባለቤቴ እናት ናቸው። ይህን እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።›»

አትክልተኛው አንገቱን ደፋ። ሚስትየዋ እጇን ቀስ ብላ ከወንድሟ እጅ አወጣች።

«እማዬን?» አለች። «የጎረቤት ሴት ናት ብለህ አልነበር፣ እማዬን የምትመስል? ባሌም እያወቀ?»

«ፊልሙ እንዲያምር ነው! ሽልማቱን ማን አመጣው? ሁላችሁንም ማን አበላችሁ?» ኃላፊው ተነሳ። «በእናቴ ሊነግድ ነበር፤ በሕዝብ ፊት ውሸታም ሊያደርጋት! ለምኜዋለሁ። እስከ ክፍሉ ድረስ ተከትዬው ለምኜዋለሁ። ‹አትክልተኛው ልክ ነው፣ ሰልችቶኛል› አለኝ። ለአንድ ውሃ አጠጪ ብሎ። ለአንድ ጭቃ ለባሽ!»

«እማዬ ያለቀሰችው አንተ አልቅሺ ስላልካት ነው» አለች እህቱ። «ልጇ ስለሆንክ። ውሸታም ያደረግሃት አንተ ነህ።»

የካሜራው ካርድ በኃላፊው መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ በዚያችው ወረቀት ተጠቅልሎ ተገኘ። ሊጥለው ጊዜ አላገኘም፤ ወይም እሱን የሚፈትሽ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ኃላፊውን በጓሮ በር፣ ካቴናውን በኮት ሸፍነው አወጡት። ስምንተኛ ኮቱን አየ።

አለቃው የአትክልተኛውን እጅ ራሱ ፈታ። «እንግዲህ አባባ፣ ነፃ ነዎት። ሥራችን ነው፣ አይቀየሙ። ስምንተኛ፣ ጥሩ ነው፤ ሪፖርቱን እኔ አዘጋጀዋለሁ። በሉ በጓሮ በኩል ይሂዱ፣ ጋዜጠኞቹ ቀድመው ፊት ለፊት መጥተዋል።»

አትክልተኛው የካቴናው ምልክት ያረፈበትን እጁን አሻሸ። አልተነሳም።

«ሊነግረኝ ይችል ነበር» አለ፤ ለማንም ሳይሆን። «ስሰድበው ‹እሺ› ቢለኝ ምን ነበረበት? ሰባት ዓመት ሲያወራ ኖሮ፣ የሚናገርበት ቀን ዝም አለኝ።» ከዚያ ወደ አለቃው ቀና አለ። «በጓሮ አልሄድም።»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ጠዋት ያወጣኸኝ በፊት ለፊት ነው። በረኛው አይቷል። ሻይ የምትሸጠዋ አይታለች። ጎረቤቴ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አይቶኛል፤ እስካሁን ለሰፈሩ አዳርሶታል። ስታስረኝ ሰው ያየውን ስትፈታኝም ይየው። በዚያችው መኪና ወደ ባለቤቴ ትወስደኛለህ። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ለበረኛውም፣ ለሻይ ሻጯም፣ ለነርሷም፣ ‹ተሳስቼ ነው› የምትለው አንተ ነህ። በገዛ አፍህ።»

አለቃው ወደ ስምንተኛ ዞረ፤ የሚያወጣው ሰው የሚፈልግ ዓይን ነበር። «ቢሮ የሚጠብቀኝ… አንተ ብትወስዳቸውስ?»

«እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ስምንተኛ። «እንዲህ ያለውን ንግግር አልችለውም።»

ቀድሞ ወጣ። ጋዜጠኞቹን በክንዱ ገፋ ገፋ አድርጎ መንገድ አስከፈተና የመኪናውን የኋላ በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ያዘው። አትክልተኛው ገብቶ ተቀመጠ። ጭቃው የደረቀ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ከጎኑ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀ። በረኛው ከጎጆው ብቅ ብሏል። ሻይ ሻጯ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች።

ሁሉም አለቃውን ጠበቁት።